ዝናቡ በየት በኩል ይወርዳል?

የአንባቢያን ጥያቄና የአምደኛው መልስ

ባለፈው ጊዜ በዚህ ዓምድ ላይ ከባዶ ተነስቼ ስለምሠራው ትንሽዬ ግንብ ጫፉን ነካ አድርጌ ነበር። ዝግጁ ኪት ሳልገዛ፣ በፎም፣ በካርቶንና በኮላ። ለአንድ አንቀጽ ማሟያ ያልኩት ነገር ይህን ሁሉ ደብዳቤ ያመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። ለካ በየቤቱ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ያላለቀ ግንብ ተቀምጧል። የኔም ከነዚያ አንዱ ነው። አሥራ አራት ወሩን ይዟል። ባለቤቴ «ይሄ ቤተ መንግሥት መቼ ነው የሚለቅልን?» ማለት ከጀመረች ቆየች። ዛሬ ሌላውን ጥያቄ ሁሉ አቆይቼ የግንበኞቹን ብቻ ልመልስ።

*

«ጋሼ፣ ሞዴል ሠርቼ አላውቅም። የማስበው ትልቅ ግንብ ነው። አራት ማማ ያለው፣ መሀሉ ግቢ፣ ዙሪያውን ውሃ። ከየት ልጀምር?»
— ጀማሪው

ግንቡን ለጊዜው ተወውና መጀመሪያ ሰውየውን ሥራ። ከወፍራም ወረቀት ላይ አንድ የቆመ ሰው ቆርጠህ አውጣ። ለእንዲህ ዓይነት ሥራ 1/72 ስኬል ይመቻል። 1 ሜትር ከ75 የሚረዝም ሰው 24 ሚሊ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ አለቃህ እሱ ነው። በር ስትቆርጥ አጠገቡ አቁመው። ደረጃ ስትሠራ በደረጃው አስወጣው። ግንቡ አናት ላይ ካሉት ጥርሶች ጀርባ ደብቀው። ጭንቅላቱ ብቅ ካለ ቀስት በልቶታል፣ ጥርሱን ከፍ አድርግ። የኔ ሰውዬ አንድ እግሩ ተቀዶ በፕላስተር ተጠግኗል፣ ግን እስካሁን ሥራ ላይ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። እውነተኛውን ልክ ለ72 አካፍል። 2 ሜትር በር 28 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ውፍረቱ 2 ሜትር ተኩል የሆነ የግንብ ግድግዳ 35 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ጀማሪ የሚሸወደው እዚችው ላይ ነው። 5 ሚሊ ሜትር ፎም ቦርድ ቆርጦ ያቆምና «ግድግዳ» ይለዋል። 5 ሚሊ ሜትር በዚህ ስኬል 36 ሳንቲ ሜትር ነው። እሱ ደግሞ የመኖሪያ ቤት ግድግዳ ነው። ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር ዓይን «ካርቶን ነው» ብሎ ያልፈዋል። ድፍን አድርገው አላልኩም። ሁለት ስስ ግድግዳ አራርቀህ አቁምና ከላይ ክደነው። ውፍረቱ የሚታየው በር፣ መስኮትና አናት ላይ ብቻ ነው።

አራት ማማ ያልከውን ነገር ግን እንመካከርበት። 60 ሜትር የሚረዝም ግንብ በ1/72 ወደ 83 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በዚያ ላይ መሬቱን ጨምርበት። በርህ ያስወጣዋል? እኔ ብሆን አንድ በርና ግራ ቀኝ ሁለት ማማ ሠርቼ፣ ግድግዳውን በሁለቱም ጎን ቆርጬ እተወዋለሁ። ማማው 6 ሜትር ስፋትና 15 ሜትር ቁመት ካለው 8 በ21 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ በአንድ እጅ የሚያዝ። የቀረውን ግንብ ተመልካቹ በሐሳቡ ይጨርስልሃል። ደመወዝም አይጠይቅህም።

*

«ጋሼ፣ ሁለት ወር የቀረጽኩት ማማ ላይ ጥቁር ስፕሬይ ነፋሁበት። ዓይኔ እያየ እንደ ሻማ ቀለጠ። መጥፎው ፎሙ ነው ወይስ ቀለሙ?»
— ማማው የሟሟበት

ሁለቱም ለየብቻ ደህና ናቸው። አንድ ላይ ነው የማይስማሙት። ፎምህ ፖሊስታይሪን ነው። ብዙ የስፕሬይ ቀለሞች ውስጥ እንደ አሴቶንና ቶሉዊን ያሉ ማሟሚያዎች አሉ። እነሱ ደግሞ ፖሊስታይሪንን ስኳር ውሃ ውስጥ እንደሚሟሟው ያሟሙታል። እሳት የለበትም፣ ሙቀት የለበትም፣ ግን ያለቀለት ነው።

አትዘን። የመጀመሪያ ግንቤ አንዱ ማማ እንዲሁ ነው የሄደው። ልዩነታችን እኔ ሁለቴ መንፋቴ ነው። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ሸብሸብ ሲል «እንዴት ያለ የድንጋይ ቆዳ ሰጠኝ!» ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። በሁለተኛው ዙር ማማው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝ።

አሁን የማደርገው ይህን ነው። ነጭ የእንጨት ኮላና ጥቁር አክሪሊክ ቀለም እኩል ቀላቅዬ በብሩሽ እቀባለሁ። ሲደርቅ እደግማለሁ። እያንዳንዱን ስንጥቅ ብሩሹ ይግባበት። ይህ ሽፋን ፎሙን ያጠነክረዋል፣ በጥፍር ስትነካውም እንደ በፊቱ አይሰረጉድም። ከዚያ በኋላም ቢሆን ስፕሬይ አልነፋም። የመርፌ ጫፍ የምታህል ያልተሸፈነች ቀዳዳ ከተገኘች ማሟሚያው በእሷ ገብቶ ውስጡን ባዶ ያደርገዋል። ሱፐር ግሉም ፎም ይበላል፣ ለማጣበቂያ ኮላ ይበቃሃል። ታጋሽ ሁን እንጂ፣ አንድ ሌሊት ይፈልጋል።

ሌላ ፎም ስትመርጥ ፍሬ ፍሬ እየሆነ የሚፈረፈረውን ነጭ አትውሰድ። ለሙቀት መከላከያ የሚሸጠው፣ ብዙ ጊዜ ሮዝ ወይም ሰማያዊ የሆነው፣ ጥቅጥቅ ያለው ይሻላል። ቅቤ እንደመቁረጥ ነው። በጋለ ሽቦ የምትቆርጥ ከሆነ መስኮት ክፈት። ጭሱ ለሳምባ አይደለም።

*

«ድንጋይ ስቀርጽ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ይመስልብኛል። ማስመሪያ ይዤ ነው የምሠራው፣ ልፋቴ ብዙ ነው። ምን እያጠፋሁ ነው?»
— ሴራሚስቷ

እህቴ፣ ጥፋትሽን ራስሽ ጽፈሽዋል። ማስመሪያውን መሳቢያ ውስጥ ክተቺው።

ሙሉ በሙሉ ማለቴ አይደለም። አግዳሚውን መስመር በእርሳስ በስሱ አስምሪ፣ በ1/72 አንዱን ረድፍ 4 ሚሊ ሜትር አድርገሽ። እሱ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ለሚሆን ድንጋይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው በእጅ ነው። ቁመቱን የሚቆርጠው መስመር ከላይና ከታች ካለው ረድፍ ጋር ፈጽሞ አይግጠም። ግንበኛ መገጣጠሚያ በመገጣጠሚያ ላይ አይጥልም፣ ግድግዳው እዚያው መስመር ላይ ይሰነጠቅበታላ። አንዱ ድንጋይ 5 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ጎረቤቱ 8። አልፎ አልፎ አንዱን ረድፍ ቀጭን አድርጊው። ሌላ ቦታ ደግሞ አንድ ትልቅ ድንጋይ የሁለት ረድፍ ቦታ ይውሰድ።

ማዕዘኑ ላይ ትላልቅ ድንጋዮች ይቀመጣሉ። በአንዱ በኩል ረጅሙ ጎን፣ ቀጥሎ ያለው ላይ አጭሩ፣ እየተቀያየረ እስከ ላይ። ይህችን ብቻ ብታስተካክዪ ግድግዳሽ ከሴራሚክነት ይወጣል። የድንጋይ ግንብ ጥንካሬው ማዕዘኑ ላይ ነው፣ ዓይንም ያንን ያውቃል።

የምሠራበት ቅደም ተከተል ይህ ነው። በአዲስ ምላጭ ስስ ቆረጣ፣ በደነዘ እርሳስ ቆረጣውን ማስፋት፣ ከዚያ ፎይል። የአልሙኒየም ፎይል ጨብጠሽ የተሸበሸበ ኳስ አድርጊና ግድግዳው ላይ ጫን እያልሽ አንከባልዪው። ፎሙ የድንጋይ ቆዳ ይይዛል። እኔ ኳሱን ከግራ ወደ ቀኝ ብቻ ሳንከባልል ቆይቼ አንድ ቀን በጎን መብራት ሳየው ሙሉ ግድግዳው የጎማ አሻራ ያለበት መስሏል። ኳሱን እያዞርሽ ተጠቀሚ። ምላጩን ደግሞ ቶሎ ቶሎ ቀይሪ። የደነዘ ምላጭ ፎሙን ይነጨዋል እንጂ አይቆርጠውም።

መጨረሻ ላይ እኔ የምወዳትን ነገር ጨምሪበት። እውነተኛ ግንቦች ላይ ብዙ ጊዜ በረድፍ የተደረደሩ አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች ታያለሽ። ሰው መስኮት ይመስለዋል፣ አይደለም። ግንበኞቹ የቆሙበት ፖንቴ እንጨቶች የገቡባቸው ናቸው። ሥራው ሲያልቅ እንጨቱ ወጣ፣ ቀዳዳው ቀረ። 2 ሚሊ ሜትር በ2፣ በእኩል ከፍታ፣ ከ25 ሚሊ ሜትር ርቀት በኋላ ሌላው። ስቴኪኒ ጫፉን ቆርጠሽ ብትጫኚ ይወጣል። ይህን ሳደርግ ግድግዳው በሰው እጅ የተሠራ መሰለኝ።

ልፋቱስ? 20 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ግድግዳ ላይ 2,300 ድንጋይ አካባቢ አለ። ሬዲዮ ክፈቺ።

*

«የካርቶን መሠረቴ ኮላ ከቀባሁት በኋላ እንደ ሳህን ጎበጠ።»
— ሳህኑ

በአንድ ወገን ብቻ ስለቀባኸው ነው። እርጥቡ ሲደርቅ ይኮማተርና ካርቶኑን ወደ ራሱ ይስበዋል። ገልብጠህ ከታችም ያንኑ ያህል ቀባ፣ መጽሐፍ ጫንበትና አሳድረው። ለሚቀጥለው 10 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራውን ጣውላ) ተጠቀም፣ አብረን እንገላገል።

*

«ለክብ ማማ የሾለ ጣሪያ ልሠራ ወረቀት ስጠቀልል አንዴ ይሰፋል አንዴ ይጠባል። ስድስት ወረቀት ጨርሻለሁ።»
— ባለ ስድስቱ ወረቀት

ሰባተኛውን ከመቅደድህ በፊት ካልኩሌተር አንሳ። ማማህ 8 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው እንበል። ጣሪያው ከግድግዳው ትንሽ ወጣ ማለት ስላለበት ታችኛውን ስፋት 9 አድርገው፣ ግማሹ 4.5 ይሆናል። ቁመቱ 12 ይሁን። 4.5ን በራሱ አባዛ፣ 12ን በራሱ አባዛ፣ ደምራቸው፣ ካሬ ሩቱን አውጣ። 12.8 ይሰጥሃል። ኮምፓስህን 12.8 ሳንቲ ሜትር ከፍተህ ክብ አስምር። አሁን 4.5ን ለ12.8 አካፍለህ በ360 አባዛ። ወደ 126 ዲግሪ ይመጣል። ከክቡ ላይ 126 ዲግሪ የሚሆነውን ቁራጭ ብቻ ውሰድ፣ ለማጣበቂያ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ጨምር። ጠቅልለው። ልክ ይመጣል።

ጠፍጣፋ ድንጋይ ክዳን ለማስመሰል ከወረቀት 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ሪባኖች ቁረጥ፣ ታችኛውን ጠርዝ በመቀስ ሸንሽነው፣ ከታች ወደ ላይ እያደራረብክ ለጥፍ። ከላይ ወደ ታች የለጠፈ አንድ ወዳጅ አለኝ። የሱ ቤት ዝናብ ቢዘንብ ውሃው በሙሉ ውስጥ ነው የሚገባው።

*

«ጋሼ፣ ቅርጹ አምሮልኛል። ግራጫ ቀለም ስቀባው ግን የልጆች ፕላስቲክ መጫወቻ መሰለ። ጥላም ሞከርኩ፣ ቆሻሻ መሰለ። እባክዎ ቀለሙን በዝርዝር ይንገሩኝ።»
— ግራጫ የሰለቸው

የዚህን ወር ደብዳቤዎች ሳነብ ስጠብቀው የነበረው ይህን ጥያቄ ነው። ወንበር ሳብ አድርግ።

መጀመሪያ፣ ከጣሳ የወጣ ግራጫ ድንጋይ ላይ የለም። አንድ ድንጋይ አንስተህ ከግራጫ ቀለምህ ጎን አስቀምጠው። ድንጋዩ ወይ ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ ወይ ወደ ቢጫ፣ አንዳንዱ ወደ ሰማያዊ። ስለዚህ ግራጫህ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ቡናማና ትንሽ የአፈር ቢጫ ይግባ። ደግሞም ከምታስበው በላይ ፈዘዝ አድርገው። ትንሽ ነገር ቤት ውስጥ ሲታይ ጠቆር ይላል። በብሩሽህ ጫፍ ትክክል የመሰለህ ቀለም ግንቡ ላይ ሲያርፍ ይከብዳል።

ከላይ ማማው ለሟሟበት የነገርኩት ጥቁሩ ኮላ እንደ ውስጥ ልብስ ከሥር አለ አይደል? እሱ ስንጥቆቹ ውስጥ ይቅር። በላዩ ላይ መካከለኛውን ቡናማ ግራጫ በሰፊ ብሩሽ፣ ቀለሙን ቀነስ አድርገህ፣ ፊት ፊቱን ብቻ ቀባ። ከዚያ ሦስት ትናንሽ ቅይጥ አዘጋጅ። አንዱ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ አንዱ ወደ ሰማያዊ፣ አንዱ ወደ ሮዝ። በቀጭን ብሩሽ እዚህም እዚያም ድንጋይ እየመረጥክ ቀባ። ከአሥሩ አንዱን፣ ሁለቱን ቢሆን ነው። በዚህ ሰዓት ግንቡ አስቀያሚ ይሆናል። የተለጣጠፈ ይመስላል፣ ልትጥለው ያምርሃል። አትጣለው። ሁሉም ግንብ በዚህ በር ያልፋል።

ቀጥሎ ጥቁር ቡናማ በብዙ ውሃ አቅጥን፣ አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምርበት። ሳሙናው ውሃው እንዳይኳስ ያደርገዋል፣ ራሱ ሮጦ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ቅባው፣ የተረፈውን በጨርቅ ነካ ነካ አድርገህ አንሳ። የተለጣጠፉት ድንጋዮች እርስ በርስ ሲታረቁ ታያለህ። ሲደርቅ ደረቅ ብሩሽ። ብሩሹን ክሬም ቀለም አስነክተህ ምንም የቀረበት እስከማይመስል ድረስ በጨርቅ ጥረገው፣ ከዚያ ግድግዳውን እንደ አቧራ ማራገፍ ነካ ነካ አድርገው። ነጭ አትጠቀም፣ ዱቄት የተደፋበት ይመስላል።

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። አንተ «ጥላ ሞከርኩ፣ ቆሻሻ መሰለ» ያልከው ነገር የሚመጣውም ከዚህ በኋላ ነው። ቆሻሻ የመሰለው ጥቁሩን እጅህ ባመራህ ቦታ ስላደረግኸው ነው። ግንብን የሚያቆሽሸው ውሃ ነው። ብሩሽ ከማንሳትህ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቅ፤ ዝናቡ በየት በኩል ይወርዳል?

ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1240 የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 3ኛ የለንደንን ታላቅ ማማ በኖራ አስለቀለቀ። ዛሬም ስሙ ነጩ ማማ ነው። በዚያው ዓመት ንጉሡ የጣሪያው የእርሳስ ብረት አሸንዳዎች እስከ መሬት ድረስ እንዲወርዱ አዘዘ። ምክንያቱም የሚንጠባጠበው የዝናብ ውሃ አዲስ የተቀባውን ግድግዳ እንዳያበላሸው ነው። አስበው፣ አገር የሚያስተዳድር ንጉሥ ተቀምጦ ስለ ግድግዳ ላይ ሸረር፣ ውሃ ወርዶ ስለሚተወው መስመር፣ ይጨነቃል። እኛ ደግሞ ያንኑ ሸረር ለማምጣት ብሩሽ ይዘን እንጨነቃለን።

እኔ ራሴ አንድ ዝናባማ ቀን ጃንጥላ ይዤ አንድ አሮጌ የድንጋይ ቤት ፊት ሃያ ደቂቃ ያህል ቆሜያለሁ። መንገደኛ ሴትዮ «ምን ጠፋብህ?» አለችኝ። «ውሃ እያየሁ ነው» አልኳት። እርምጃዋን ፈጠን አደረገች። ያየሁትን ልንገርህ። ከመስኮቱ ደፍ በታች መሀሉ ደረቅ ነው፣ ውሃው የሚወርደው ከደፉ ሁለት ጫፎች ነው። ስለዚህ ከመስኮት በታች ሁለት ጠቆር ያሉ መስመሮች አሉ፣ በመካከላቸው ፈዘዝ ያለ ግድግዳ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ መሀሉን ነበር የማጠቁረው!

አሠራሩ ይህ ነው። ቡናማና ትንሽ አረንጓዴ አቅጥነህ ከደፉ ጫፍ አንዲት ነጥብ አድርግ። ሳትደርቅ ንጹሕ እርጥብ ብሩሽ ይዘህ ቀጥ አድርገህ ወደ ታች ሳባት። አናቷ ላይ ጠቁራ፣ እየወረደች እየሳሳች፣ የት እንዳለቀች ሳታውቅ ታልቃለች። ቀጥሎ ሌላዋን፣ ግን አጭር። ሁለት እኩል ሸረሮች ጎን ለጎን ካሉ የተሳሉ ናቸው። አናት ላይ በጥርሶቹ መካከል ባሉት ክፍተቶችም ውሃ ይወርዳል፣ እዚያም ድገመው። የጥርሶቹ አናት ግን ፀሐይና ነፋስ ስለሚያገኛቸው ፈዘዝ ይበሉ።

ታች ደግሞ ዝናብ መሬት መትቶ ጭቃ ይረጫል። ግማሽ ሜትር ያህል ብትሰጠው በ1/72 7 ሚሊ ሜትር ነው። እዚያ ድረስ የአፈሩን ቀለም በስፖንጅ ነካ ነካ አድርግ፣ ያኔ ግንቡ መሬቱ ላይ ከተቀመጠ ዕቃነት ወጥቶ ከመሬቱ ይበቅላል። የድንጋይ ሽበቱ፣ ያ አረንጓዴው፣ እርጥብና ጥላ በሆነው ወገን ይሁን። ግንብህ አውሮፓ ውስጥ ከሆነ ያ ሰሜኑ ነው። መሠረቱ ሥር በእርሳስ «ሰሜን» ብለህ ጻፍ። እኔ ሳልጽፍ ቀርቼ አንዱን ማማ በሁለት የተለያየ ቀን በተቃራኒ ወገን አረንጓዴ አድርጌዋለሁ። ፀሐይ የማይወጣበት አገር ሆነ።

ከሁሉም በኋላ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ። በብሩሽ የሚቀባውን፣ በውሃ የሚቀጥነውን። የመጀመሪያው ግንብህ ፕላስቲክ የመሰለው ግማሹ ምክንያት ማብረቅረቁ ነው። ድንጋይ አያብረቀርቅም።

*

«በግንቡ ዙሪያ ያለውን ቦይ በሬዚን ሞላሁት። ጋለ፣ ፎሙ ጎበጠ፣ ግማሹም በጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ልተወው?»
— ጎርፍ

ሬዚን ሲደርቅ እንደ መስታወት የሚጠነክር ፈሳሽ ነው። እሱና ማጠንከሪያው ሲዋሐዱ ሙቀት ያወጣሉ። ባንዴ ብዙ ካፈሰስክ ሙቀቱ የሚወጣበት ያጣና ፎሙን ያበላሻል። በየዙሩ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ አፍስስ፣ ሲጠነክር ቀጥል። ከማፍሰስህ በፊት ቦዩን በኮላና በጄሶ ደጋግመህ ለቅልቀው፣ የተቆረጠውን ጎን በፕላስቲክና በማሸጊያ ፕላስተር ዝጋ። ሬዚን ከባለ ዕዳ ይልቅ መውጫ ቀዳዳ ያገኛል።

ያም ሆኖ እንደ ወንድም ልምከርህ። ግልጽ ሰማያዊ ውሃ የመዋኛ ገንዳ ነው። በግንብ ዙሪያ የቆመ ውሃ ጭቃማ አረንጓዴ ነው፣ ታቹ አይታይም። ታቹ ካልታየ ደግሞ ጥልቀት ምን ያደርግልሃል? ጠፍጣፋ ካርቶን ላይ ጥቁር አረንጓዴ ቀብተህ፣ ዳር ዳሩን ወደ ቡናማ አፍዝዘህ፣ በሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ አራት አምስት ጊዜ ደራርብበት። ማብረቅረቅ የፈቀድኩልህ እዚህ ብቻ ነው። ደግሞ የብዙ ግንቦች ቦይ ውሃ አልነበረውም፣ ደረቅ ጉድጓድ ነበር። ሰጋቱራ አረንጓዴ ነክረህ በትንበት፣ ተገላገልክ።

*

«ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ዓምድዎን አንብቦ ግንብ ካልሠራሁ ብሎኛል። ምላጩን ፈራሁ።»
— እናቱ

እህቴ፣ መፍራትዎ ልክ ነው። ምላጩ እርስዎ ጋር ይቆይ። እሱ የእንቁላል ካርቶን ይቅደድ። ያን ሻካራውን ማለቴ ነው። በመቀስ ትንንሽ አራት ማዕዘን እየቆረጠ በኮላ አንድ በአንድ ይለጥፈው። የሶፍት ጥቅል መሀሉ ላይ ያለው ካርቶን ለትንሽ ማማ ይበቃል። ቀለም ሲቀባ እውነቴን ነው፣ ከብዙ ፎም የተሻለ ድንጋይ ይወጣዋል። እኔ ራሴ በር አካባቢ እሱን እጠቀማለሁ፣ ግን ለሰው አላወራም።

*

«ጡረታ ወጥቼ ይህን ሥራ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። አንድ ቅሬታ አለኝ። ሁላችሁም ግንብ ስትሠሩ የፈረሰ፣ የሸበተ፣ የቆሸሸ ነው። ግንብ አዲስ የነበረበት ቀን አልነበረም እንዴ?»
— አዲስ ግንብ የናፈቀኝ

ጋሼ፣ ነጥብ ያዙብኝ። ከላይ ስለ ሸረር ያን ሁሉ የጻፍኩት የእርስዎን ደብዳቤ ከመክፈቴ በፊት ነው።

ፈረንሳይ ውስጥ ጌድሎን የሚባል ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ዘዴ ግንብ እየሠሩ ነው፣ ድንጋዩን እዚያው ፈልፍለው፣ በእጅ ጠርበው። ፎቶዎቹን ይፈልጉ። አዲስ ግንብ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ እንደሱ አላገኘሁም። ድንጋዩ ገና የዝገት ቢጫ ነው። የኖራው መገጣጠሚያ ነጣ ያለ ነው። ስለዚህ የእርስዎ ግንብ ላይ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ስንጥቁ ከድንጋዩ የፈዘዘ ይሁን። ጥቁሩን ኮላ ትተው በክሬም ይጀምሩ፣ ድንጋዮቹን ብቻ በላዩ ላይ ይቀቡ።

ውሃው ግን እርስዎንም አይምርዎትም። ትኩስ ኖራ ላይ ዝናብ ሲወርድ ነጭ ሸረር ይተዋል፣ ፖንቴው ሥርም የተንጠባጠበ ኖራ አለ። ጥቁሩን ሸረር በነጭ ይተኩት ማለት ነው።

ደብዳቤዎን ካነበብኩ ወዲህ የራሴን ግንብ አየሁት። ሁለተኛው ማማ አናቱ አላለቀም። ለወራት ያሳፈረኝ ነገር ነበር። አሁን «እየተሠራ ነው» ልለው ወስኛለሁ። በነዚያ በ2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳዎች ውስጥ ስቴኪኒ ሰክቼ ፖንቴ አድርጌበታለሁ። አናቱ ላይ ደግሞ ሰው ውስጡ ገብቶ እየተራመደ የሚያዞረው፣ ድንጋይ የሚያነሳ የእንጨት መንኮራኩር እየሠራሁ ነው። 55 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ሦስት ጊዜ ቆርጬ ሦስቴም እንቁላል ሆኖ ወጣ። አራተኛው ዛሬ ማታ ይደርቃል። የወረቀቱ ሰውዬ ውስጡ ገብቶ ቆሞ እየጠበቀ ነው፣ በአንድ እግሩ።